ድንኳን ያልተተከለለት ሐዘን

ይድረስ አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ ስለ ቆላው ምድር ለምትወስኑ ሁሉ፤ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ኃላፊዎች፣ በመሬትና በመስኖ ላይ ለምትፈርሙ፣ ለመንገድና ለባቡር መሐንዲሶች፣ ለኬላና ለጉምሩክ ሹሞች፣ በቦሌ ሆቴሎች ስለ ብዝኃ ሕይወት ለምትመክሩ ድርጅቶች፤ እንዲሁም ከባሕር ማዶ ሆናችሁ ግልገል ለምትገዙ።

ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ ብሎ መጀመር የደብዳቤ ወግ ነው። ይህ ግን የሐዘን ደብዳቤ ነውና ወጉን ልለፈው። ልቅሶ ቤት የደረሰ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ሆኖ ነው የሞተው?» ብሎ ነው። እኔም የምጽፍላችሁ ይህንኑ ልጠይቃችሁ ነው። አቦሸማኔያችን ምን ሆኖ ነው የሚሞተው? የት ነው የሚሞተው? በሞተበት ቦታ ኃላፊው ማን ነበር?

«ቦሌ ውስጥ ደግሞ ምን አቦሸማኔ አለ?» የሚል አይጠፋም። የለም። አቦሸማኔ የቆላ እንስሳ ነው፤ እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ ነው። እዚህ ያለው ዕጣው ነው። ቆላው የሚሸነሸንበት ካርታ የሚጸድቀው በዚህች ከተማ ነው። ስለ እሱ የሚመከርበት አዳራሽ ቦሌ ነው። ግልገሎቹን ወደሚገዙት አገሮች በየዕለቱ አውሮፕላን የሚበረውም ከቦሌ ነው። ስለዚህ ደብዳቤዬን ወደ ጫካ አልላክሁትም።

ዛሬ የምኖረው ጎሮ ነው፤ ያደግሁት ግን መተሐራ፣ የስኳር ፋብሪካው ሠፈር ውስጥ ነው። አባቴ የፋብሪካው ሠራተኛ ነበር። ከጎሮ በቱሉ ዲምቱ ወጥቶ የፍጥነት መንገዱን የያዘ ሰው አዳማንና ወለንጪቲን አልፎ መተሐራ ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። ከመተሐራ ወዲያ የጅቡቲ መንገድ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክን ሰንጥቆ ያልፋል። በስተቀኝ የኢላላ ሳላ ሜዳ ነው፣ ሳላዎቹ የሚሰማሩበት። በስተግራ ፈንታሌ ተራራ ቆሟል። ልጅ ሆነን ትልልቆቹ ስለ አቦሸማኔ ሲያወሩ ስለ አንድ ዝምተኛ ጎረቤት የሚያወሩ ይመስሉ ነበር፤ በአገዳው ዳር አለፈ፣ ከቦዩ ውሃ ጠጣ ይሉን ነበር። የዛሬ የሠፈሩ ልጆች እሱን የሚያውቁት በስልክ ቪዲዮ ነው፣ በባዕድ አገር በውድ መኪና ወንበር ላይ አንገቱ ታስሮ።

የአዋሽ ፓርክ በ1958 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1961 ዓ.ም. በሕግ ሲጸድቅ ስፋቱ ወደ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር። ለሰው ዓይን ሰፊ ነው። ለአቦሸማኔ ግን አይደለም። በናሚቢያ የከብት እርባታ መሬቶች ላይ የሬዲዮ ማሰሪያ አንገታቸው ላይ አስረው ተመራማሪዎች የተከታተሏቸው አቦሸማኔዎች እያንዳንዳቸው በአማካይ ወደ 1,650 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ምድር ያካልላሉ። መላዋ አዲስ አበባ፣ ከአየር ጤና እስከ አያት፣ ከእንጦጦ እስከ ቃሊቲ፣ 527 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። እንግዲህ ለአንድ አቦሸማኔ ሦስት አዲስ አበባ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ፓርካችን የአንዱን እንስሳ ዙረት እኩሌታ እንኳ አይሞላም። ግጦሽ በሚትረፈረፍበት በሴሬንጌቲ ሜዳ እንኳ የሴቷ ዙረት 800 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ምድሩ በደረቀና የሚታደነው በሳሳ ቁጥር ዙረቱ ይሰፋል፤ በአልጄሪያ የአሃጋር በረሃ ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚዞሩ ተመዝግበዋል። የአፋርና የከረዩ ምድር ደግሞ ከሴሬንጌቲ ይልቅ ለበረሃው የቀረበ ነው።

ደግሞስ በፓርክ ውስጥ ተቀመጥ ቢሉት ለምን ይቀመጣል? አቦሸማኔ በሩጫ እንጂ በጉልበት አይታወቅም። በቀን ያድናል፤ አድኖ እያለከለከ ሳለ ጅብ ወይም አንበሳ ደርሶ ይነጥቀዋል፤ እሱም አይሟገትም። አንበሳ ግልገሎቹንም ይገድልበታል። በሴሬንጌቲ በተደረገ ጥናት ከ20 ግልገል ራሱን ለመቻል የበቃው 1 ያህሉ ብቻ ነበር። ስለዚህ አንበሳና ጅብ ከበዙበት ይሸሻል፤ አንበሳና ጅብ የሚበዙት ደግሞ ጥሩ ጥበቃ ባለበት ፓርክ ውስጥ ነው። እናንተ የደኅንነት ቤት ብላችሁ ያጠራችሁለት ቦታ ለእሱ የባላጋራዎቹ ግቢ ነው። እንግዲህ ከአጥሩ ወጥቶ ወደ ፍየል እረኛው ምድር የሚሄደው ባለጌ ስለሆነ አይደለም።

ሴቷና ወንዱም አንድ ዓይነት ኑሮ የላቸውም። ሴቷ ግዛት አትይዝም፤ የሜዳ ፍየሎቹን መንገድ ተከትላ ብቻዋን ወይም ከግልገሎቿ ጋር ትዞራለች። ወንዶቹ፣ ብዙ ጊዜ የአንድ እናት ልጆች ሆነው፣ ሁለት ሦስት ሆነው ተባብረው አነስ ያለች ቦታ ይይዛሉ። በዚያች ቦታ የታወቀ ዛፍ ወይም ድንጋይ ይኖራል፤ ሽንታቸውን እየረጩ ምልክት ይተዉበታል፣ መንገደኛው ሁሉ እየመጣ ያሸታል፣ ሴቷም መልእክቷን ታኖርበታለች። ዛፉ ከተቆረጠ ግንኙነታቸው ይቆረጣል። የትኛው ዛፍ እንደሆነ የሚያውቀው የአካባቢው እረኛ ነው። እኔ እስከማውቀው በእናንተ ካርታ ላይ አንዱም አልተሣለም።

እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት በዱር የቀሩት አቦሸማኔዎች 7,100 ገደማ መሆናቸውን፣ ዱሮ ከነበሩበት ምድር 9 በመቶው ላይ ብቻ መቅረታቸውን፣ ከዚህም ውስጥ 77 በመቶው ከተጠበቁ ቦታዎች ውጭ መሆኑን ተናግሯል። ይህን ቁጥር እናንተ ከእኔ ቀድማችሁ ታውቁታላችሁ፤ በየስብሰባው ሲነበብ ኖሯል። ከእሱ የሚከተለውን ግን ያነበበ አልሰማሁም፦ አቦሸማኔን የሚያድነውም የሚያጠፋውም ከፓርኩ አጥር ውጭ ያለው መሬት ነው፣ እዚያ ደግሞ ለእሱ ተብሎ የተሾመ ማንም የለም።

አሁን ከአጥሩ ውጭ ምን እንደ ፈቀዳችሁ በተራ ልናገር። የማውቀው የአዋሽን ሸለቆ ነውና በእሱ ልጀምር።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የከረዩ አርብቶ አደሮች የበጋ ግጦሻቸውን በሁለት ወገን አጡ። በአንድ ወገን ፓርኩ መጣ፤ በሌላ ወገን የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ከፈተ። ያ አገዳ አባቴን አብልቶታል፣ እኔንም አስተምሮኛል፤ ለእሱ ምስጋና ቢስ አይደለሁም። በቦሌ ካፌዎች ማኪያቷችሁ ላይ የምትጨምሩት ስኳርም ከዚያው ወገን ነው። ነገር ግን ወንዙን የተጠጋው ለም መሬት አገዳ ሲሆን፣ ዝቅ ብሎ አሚባራ ላይ ጥጥ ሲሆን፣ በኋላም የከሰም ግድብና እርሻ ሲጨመር፣ ከብቱም የሜዳ ፍየሉም ወደ ደረቁ ተገፋ። አቦሸማኔውም ተከትሎት ሄደ። እረኛውና አቦሸማኔው የተጋጩት ተፈላልገው አይደለም፤ ሁለቱንም ወደ አንድ ጠባብ ቦታ የገፋችኋቸው እናንተ፣ ወይም ከእናንተ በፊት በዚያ ወንበር የተቀመጡት ናቸው።

እዚያው የበሰቃ ሐይቅ አለ። በ1950ዎቹ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ40 በልጧል። መንገድ ውጧል፣ የባቡር ሐዲድ አስነስቷል፣ ግጦሽ አጥለቅልቋል። የምድሩ እሳተ ገሞራነት አንድ ምክንያት ነው ይባላል፤ ከእርሻዎቹ የሚሰርገው የመስኖ ውሃም ሌላው ነው። ፕሮሶፒስም አለ፣ አፋሮች ደርጊ ሃራ የሚሉት እሾሃም ዛፍ። በ1970ዎቹ በመካከለኛው አዋሽ በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ ተተከለ፤ አሁን በአፋር ክልል ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይዟል። ግመሉና ፍየሉ ፍሬውን እየበሉ ዘሩን ያዛምቱታል። በሥሩ ሣር አይበቅልም። የሩጫ እንስሳ የሆነ አቦሸማኔ ፕሮሶፒስ በሞላው ሜዳ ምን ይሠራል? ከሩቅ አያይበትም፣ አይሮጥበትም፤ የሚያድነውም ሣር ፍለጋ ሄዷል። በሃላይደጌ አሰቦት ያለው ሰፊ ሜዳ፣ የግሬቪ ሜዳ አህያ ገና የቀረበት፣ በዚሁ ዛፍ እየተከበበ ነው።

ከሰሉንም ልጨምር፤ ይህ ለምሥራቅ አዲስ አበባ ሰው ለራሱም ነው። በመተሐራ መንገድ ዳር ተደርድሮ የሚሸጠው ከሰል ወደ አያት፣ ወደ ሰሚት፣ ወደ ቦሌ አራብሳ ይመጣል። ከፕሮሶፒስ ብቻ ቢከሰል ኖሮ እሰየው ባልሁ፤ ግራሩም አብሮ ይነዳል። ቡናችን ፈልቶ አቦል የሚቀዳው አንዳንዴ በዚያው ምልክት በሚደረግበት ዛፍ ይሆናል።

መንገዱና ባቡሩ ይቀሩኛል። አገሪቱ ከጅቡቲ የምታስገባው ዕቃ በአብዛኛው በዚያ አስፋልት ያልፋል፤ ሌሊትም ቀንም ተሳቢ መኪና ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሥራ ሲጀምር ግመልና ከብት እየገጨ ከአርብቶ አደሩ ጋር በካሳ መካሰሱን ሁላችን በዜና ሰምተናል። ግመል ባለቤት ስላለው ተቆጠረ። ባለቤት የሌለው ስንት እንደ ተገጨ ማን ይቆጥራል? በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ፈንታሌ አካባቢ ምድር ሲንቀጠቀጥ በቦሌ ፎቆች ላይ ያለነው ሁሉ ሌሊት በፒጃማ ወጥተን ስለ አዋሽ መጠየቅ ጀመርን። መንቀጥቀጡ ሲያባራ ጥያቄያችንም አባራ። ከቤታቸው የተፈናቀሉትን ሰዎችም ረሳናቸው፤ ስለ አውሬው ማንም የጠየቀ አልነበረም፣ በዚያ ሰዓት መጠየቅም አይገባም ነበር ይሆናል።

በምሥራቅ አዲስ አበባ የምንኖር ጅብን እናውቃለን። ከተማው ወደ ለሚ ኩራና ወደ ቦሌ አራብሳ ሲሰፋ የጤፍ ማሳው ኮንዶሚኒየም ሆነ፣ ገበሬው ተነሣ፣ ጅብ ግን ቀረ። ቆሻሻችንን ይበላል፣ በቱቦ ያድራል፣ ሌሊት እንሰማዋለን። አቦሸማኔ ይህን አይችልም። ከሰው ትራፊ አይለቅምም፣ ትኩስ ካላደነ ይራባል። ስለዚህ «እንስሳው ከለውጡ ጋር ይላመዳል» የሚለውን የአማካሪ ሪፖርት ስታነቡ የትኛው እንስሳ ብላችሁ ጠይቁ።

ወደ እረኛው ልምጣ። ለእሱ የምጽፈው ወቀሳ የለኝም። ለአፋሩ፣ ለከረዩው፣ በሶማሌ ክልል ቆላ ላለው ፍየል ማለት ባንኩ፣ ወተቱ፣ የልጁ ደብተር ናት። በ2013 እና በ2015 ዓ.ም. መካከል በሶማሌና በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ መንጋው በጉድጓድ ዳር ወደቀ። የተረፈችውን ፍየል አቦሸማኔ ቢወስድባችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ባለሥልጣኖች ሆይ፣ አንዲት ፍየል ለጠፋበት ሰው ስንት ጊዜ ካሳ ይዛችሁ ሄዳችሁ? ሰውየው የሚያደርገው ግልጽ ነው። የእናቲቱን ጎሬ ይፈልጋል፤ ግልገሎቹን ይወስዳል፤ አንድ ሰው መጥቶ ይገዛዋል። መንግሥት ያልከፈለውን የፍየሉን ዋጋ ደላላው ይከፍለዋል። አገራችን አቦሸማኔን ለኮንትሮባንድ የምትሸጠው በዚህ መንገድ ነው፤ እንዲያው በክፋት ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ረጅም ነው። ከሶማሌ ክልል ቆላዎች ወደ ሶማሌላንድ፣ ከሶማሌላንድ ጠረፍ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች። ጡት ያልጣሉ ግልገሎች በጆንያና በሳጥን ተጭነው፣ ሥጋ የማይችሉት ሥጋ እየተሰጣቸው፣ ውሃ ጠፍቶባቸው ይሄዳሉ። ብዙዎቹ በመንገድ ያልቃሉ። ጉዳዩን የሚከታተሉት ተቋማት ከአፍሪካ ቀንድ በዓመት እስከ 300 ግልገል በዚህ መንገድ እንደሚወጣ ይገምታሉ። ከጎሬው በጥቂት መቶ ዶላር የወጣው ግልገል ባሕሩን ሲሻገር እስከ 10,000 ዶላር ይጠየቅበታል። የእኛ ወገን አቦሸማኔ፣ በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ብቻ የሚገኘው ዝርያ፣ ከደቡባዊው አፍሪካ ወገኖቹ በቁጥር እጅግ ያነሰ ነው። ከእሱ ላይ በዓመት ይህን ያህል ግልገል መንጠቅ ለእንስሳው ቀጥተኛ የመጥፋት ፍርድ ነው።

ሕጉ የለም እንዳትሉኝ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ከ5,000 እስከ 30,000 ብር መቀጮ፣ ወይም ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት፣ ወይም ሁለቱንም ደነገገ። ሠላሳ ሺህ ብር! ያን ጊዜም ቢሆን ከአንድ ግልገል የውጭ ዋጋ ያነሰ ነበር፤ የብሩ አቅም በወደቀበት ዘመን ደላላው ከኪሱ አውጥቶ መልስ የሚጠብቅበት ገንዘብ ሆኗል። ኢትዮጵያ ሳይተስ የተባለውን የብርቅዬ እንስሳት ንግድ ስምምነት የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በባንኮክ ጉባኤ ከኬንያና ከኡጋንዳ ጋር ሆና የአቦሸማኔን ሕገወጥ ንግድ ጉዳይ ያቀረበችውም እሷ ናት። ይህን ላመስግን፤ ባንኮክ ላይ ደፍራችሁ ተናገራችሁ። ጅግጅጋ መንገድ ላይ፣ በባቢሌ ሸለቆ፣ በየኬላው ግን ያ ድምፅ የት ገባ? የኬላው ጠባቂ ጆንያ ከፍቶ የሚንጫጫ ግልገል ቢያገኝ ለማን ይደውላል? ወተት የሚሰጠው ማን ነው? መኪና የሚልክለትስ?

ተይዘው የሚተርፉት ጥቂቶቹ ቢበዛ ወደ ሆለታ ይመጣሉ፣ ወደ እንሰሳ ኮቴ። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለ፣ ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት የሚያስተዳድረው የማገገሚያ ስፍራ ነው። የሚሠሩትን ሰዎች አከብራለሁ። ነገር ግን እዚያ የሚኖር አቦሸማኔ ወደ ቆላው መመለስ እጅግ ያስቸግረዋል። ግልገል ከእናቱ ጋር አንድ ዓመት ተኩል ያህል ይቆያል፤ ማደን፣ መሸሸግ፣ ከጅብ መሸሽ የሚማረው ከእሷ ብቻ ነው። ያቺ ትምህርት ከተቋረጠች የሚያስተምረው ሰው የለም። ደጋ ላይ፣ በብርድ፣ ከሽቦ ወዲህ የሚያረጅ አቦሸማኔ ተረፈ ብላችሁ በሪፖርታችሁ ስትጽፉ እኔ ሞቱ የዘገየ ብዬ ነው የማነበው። በሐርጌሳ አካባቢም በደርዘን የሚቆጠሩ ግልገሎች በማገገሚያ ይኖራሉ፤ ብዙዎቹ ከእኛ ምድር ሳይሻገሩ አይቀሩም።

መጋቢት 2007 ዓ.ም. በጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ከስድስት ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ ሲቃጠል ካሜራው ብዙ ነበር፤ ጥሩ ነበር። አቦሸማኔ የሚቃጠል ጥርስ የለውም። በሕይወት የተሰረቀ ነገር ለሥነ ሥርዓት አይመችም። ለእሱ የቀረለት የቦሌ ሆቴል አዳራሽ ነው፦ ስላይድ፣ ባነር፣ የሻይ ዕረፍት፣ የውሎ አበል፣ ከዚያ «የጋራ መግለጫ»። ስለ አቦሸማኔና ስለ ተኩላ ብሔራዊ የድርጊት መርሐ ግብር ከተጻፈ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። እስቲ ጽሑፉን ከመሳቢያችሁ አውጡትና ገጽ በገጽ የትኛው እንደ ተፈጸመ ምልክት አድርጉበት። እኔ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።

አይቻልም የምትሉ ካላችሁ ወደ ናሚቢያ ተመልከቱ። የዚያ አገር ገበሬዎች ለዓመታት አቦሸማኔን በወጥመድ ሲይዙና ሲተኩሱ ኖረዋል። በኋላ ከገበሬዎቹ ጋር የሠሩ ተመራማሪዎች ከመቶ በላይ አቦሸማኔ በሬዲዮ ማሰሪያ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2020 ያገኙትን አሳተሙ። ጉዳቱ በመላው እርሻ እኩል የተበተነ አልነበረም። ወንዶቹ ምልክት የሚያደርጉባቸው፣ መንገደኛው ሁሉ የሚሰበሰብባቸው ጠባብ ስፍራዎች ነበሩ፤ ጥጃ የሚበላውም በብዛት እዚያ ነበር። ገበሬዎቹ ጥጆቻቸውን ከእነዚያ ስፍራዎች ወደ ሌላ ሜዳ ሲያዛውሩ ጉዳቱ በ86 በመቶ ቀነሰ። አንድም አቦሸማኔ አልተገደለም። አንድም ገበሬ ከመሬቱ አልተነሣ። እንዲያውም ወጪው ከአንዱ የሆቴል ስብሰባ ጋር ቢወዳደር ያስቃል። እነዚያ ገበሬዎች ሰፊ መሬት በየግላቸው አላቸው፣ የእኛ እረኛ የለውም ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ለዚህ ነው እናንተ የምታስፈልጉት። የከረዩና የአፋር ሽማግሌዎች አንድ ላይ ተቀምጠው የበጋ ግጦሹን የሚያካፍሉበት ሥርዓት ከእናንተ መሥሪያ ቤት ይበልጣል። ምልክቱ ያለበትን ዛፍ ይጠቁሟችሁ፤ እናንተ ውሃውን ከዚያ ዛፍ አርቃችሁ ቆፍሩላቸው። መንጋው ወደ ውሃው ይሄዳል።

ሕንድንም ተመልከቱ። አቦሸማኔዋን አጥፍታ በ1952 (እ.ኤ.አ.) «የለም» ብላ ያወጀች አገር ከ70 ዓመት በኋላ ከናሚቢያ 8፣ በማግስቱ ዓመት ከደቡብ አፍሪካ 12 በአውሮፕላን አስመጣች። ያኖረቻቸው ኩኖ ፓርክ ውስጥ ነው፤ ስፋቱ 748 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ከአዋሽ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ዓመት ሳይሞላ አንዱ ከፓርኩ ወጥቶ መንደር ለመንደር ሲዞር ተገኘ፤ የጥበቃ ሠራተኞች ተከትለው አደንዝዘው መለሱት፤ ደግሞ ወጣ። እኛ በነጻ ያለንን እነሱ በብዙ ወጪ ገዝተው፣ ያችኑ አጥር አልበቃ ብላቸው ሲቸገሩ ዓለም አየ። እኛም ነገ ጨርሰነው ከነገ ወዲያ ከውጭ ልናስመጣው ነው? የአውሮፕላኑ ማረፊያ ቦሌ ሆነ ወይም አዲሱ የቢሾፍቱ አየር ማረፊያ፣ እኔ ለአቀባበሉ አልመጣም።

ለገዢዎችም አንድ ቃል። የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች አደገኛ የዱር እንስሳትን በግል መያዝ የሚከለክል ሕግ ካወጣች ዓመታት አልፈዋል፤ ጎረቤቶቿም ሕግ አላቸው። ስለዚህ በፎቶ የምታሳዩት እንስሳ በአገራችሁም ሕግ ሌባ ያመጣው ነው። ከወንበራችሁ ላይ ያለው ግልገል እናት አለችው ወይም ነበረችው፤ ጎሬዋ ባዶ ከሆነ በኋላ ፈልጋዋለች። እንደ ጫጩት የሚሰማ ድምፅ አላት፤ ያን እያሰማች ትዞራለች። ይህን ማንም እረኛ ይነግራችኋል።

የጉምሩክ ወገኖቼ፣ በቦሌ በኩል የሚወጣ ሻንጣ ሁሉ ውስጥ ግልገል አለ እያልሁ አይደለም፤ ትልቁ መንገድ የብስና የጀልባ ነው። ገንዘቡ ግን በጆንያ አይሄድም። ደላላው ስልክ አለው፣ ባንክ አለው፣ የሚበርበት ትኬት አለው። ኬላ ላይ ጆንያ የተሸከመውን ጎረምሳ አስራችሁ ጉዳዩን አትዝጉ።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። በአዋሽ ፓርክና በሃላይደጌ አሰቦት መካከል ያለው ምድር አዲስ እርሻ፣ አዲስ አጥር፣ አዲስ ካምፕ ከመፈቀዱ በፊት የአቦሸማኔ መተላለፊያ ተብሎ በካርታ ይሠመር፤ የካርታው እርሳስ በእረኞቹ እጅ ይሁን። ፍየሉ ለተበላበት ሰው በወሩ ውስጥ የሚደርስ ካሳ ይመደብለት፤ ከአንድ ዓውደ ጥናት አበል ላይ ቀንሱለት። ለኬላ ጠባቂዎች ግልገል ሲያገኙ የሚደውሉበት አንድ ስልክ፣ ሌሊትም የሚያነሣው ሰው ስጧቸው። በፓርኩ ውስጥ የሚያልፈው አስፋልት ላይ ሌሊት ፍጥነት የሚቀንስ ነገር አድርጉ፤ እየገጨ የሚያልፈው ሾፌር ጨካኝ ሆኖ አይደለም፣ ማንም ስላላስቆመው ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ስም ስጡን። ለፓርኩ ውስጥ ኃላፊ አላችሁ፣ ደመወዝ አለው፣ ማኅተም አለው። ከአጥሩ ውጭ ባለው፣ አቦሸማኔው በእውነት በሚኖርበት ምድር ላይ ስለ እሱ የሚጠየቀው ሰው ማን ነው? ስሙንና ስልኩን በጋዜጣ አውጡልን፤ እኛ እንደውልለታለን።